የኳስ ወርዋሪው መርዶ

አከራዬ ይተፉ ነበር። ነገሩን ከሌላ ቦታ ልጀምረው ብዬ ብዙ ሞክሬአለሁ፤ ግን እኒህን ሰውዬ መጀመሪያ ያወቅኳቸው በምራቃቸው ነውና ከዚያው ልጀምር። ጥቁር ትንባሆ ያኝካሉ። ጠዋት ወንበራቸውን ሱቄ በር ላይ ያወጡና፣ የዱቄት ወተት የነበረበትን ጣሳ በእግሮቻቸው መሀል አድርገው፣ ደንበኛ ዳቦ ሊገዛ በተሰለፈበት ጢቅ ያደርጋሉ። ጣሳውን አንድም ቀን ሲስቱ አላየሁም፤ ይህን ልመስክርላቸው። ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ግን የበላሁት ቁርስ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣ ነበር።

ሲፈጥረኝ ቶሎ የሚያስጠላኝ ሰው ነኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «አንቺን የሚያገባ ሰውዬ መጀመሪያ የሳሙና ፋብሪካ ይክፈት» ትል ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ጆሃንስበርግ መጥታ ካትሌሆንግ ውስጥ ሱቅ ትክፈት እንግዲህ! የፈነዳው የፍሳሽ ቱቦ ውሃ መንገዱ መሀል ለወራት ይወርዳል፤ ሰው ይዘለዋል፣ መኪና ይረጨዋል፣ ማንም ጉዳዬ አይለውም። አይጦቹ ከእኔ ይልቅ የሱቁ ባለቤት ይመስላሉ። እጄን ከመታጠቤ ብዛት ጣቶቼ ተሰነጣጥቀዋል። ሸሪኬ ይስቅብኛል።

ሱቁ የአከራያችን ጋራዥ ነው። ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ማለትም የሰፈር ሱቅ፣ የምንከፍተው እንዲህ ነው፤ የአንዱን ቤት ጋራዥ ተከራይተን፣ ፊቱን በብረት ፍርግርግ ዘግተን፣ በቀዳዳው ዳቦና የስልክ ካርድ እያቀበልን። ሸሪኬ ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ ጴንጤ ነው፤ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ኦርቶዶክስ። እኔ ጾሜን ይዤ እሱ አጠገቤ እንቁላል ይጠብሳል፤ እኔ ስሳደብ እሱ መዝሙር ይከፍታል። እንዲያም ሆኖ ቅን ሰው ነው። ቅንነቱን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የማወራውን ነገር ክፉ ሰው የሠራው እንዳይመስል ነው። ክፉ ሰው ሠርቶት ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ እንዲህ ባላቅለሸለሸኝ።

ሰፈሩ አከራያችንን «ምኩሉ» ይላቸዋል፤ በዙሉ አያት እንደማለት ነው። እኛም እንደ ሰፈሩ ምኩሉ እንላቸዋለን። ሰዎቹ ሲጠሯቸው ግን ከከንፈራቸው ጥግ የምትወጣ አንዲት ፌዝ አለች። ምኩሉ በወጣትነታቸው ባሕር ማዶ ሄደው ቤዝቦል ይጫወቱ እንደነበር፣ ለዚያውም ደሞዝ እየተከፈላቸው፣ ከዚህ አካባቢ ለመወርወር ደሞዝ የበላ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው እንደሆኑ ይናገራሉ። የሚያምናቸው የለም። ወጣቶቹ ሲጋራ በነጠላ እየገዙ «ምኩሉ፣ እስቲ ያችን የጨረቃዋን ደግሞ ንገሩን፣ ጨረቃም ላይ ወጥተዋል አይደል?» ይሏቸዋል። እሳቸው ጣሳቸው ውስጥ ጢቅ ያደርጋሉ።

እኔም ብሆን ከጨዋታው የማውቀው ዱላውን ብቻ ነበር። ዘረፋ ሲበዛ የእኛ ሰዎች ሁሉ የቤዝቦል ዱላ እየገዙ ባንኮኒ ሥር ይሸጉጣሉ። ከተማ ውስጥ ዱላው በየሱቁ ተደርድሮ አይቻለሁ፤ ኳሱን የሚሸጥ ሱቅ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ሸሪኬም አንድ ገዝቶ መጣ። ምኩሉ ሲያዩት ዓይናቸው በራ፤ እጃቸውን በፍርግርጉ አሾልከው ተቀበሉትና ሁለት እጃቸውን ደራርበው ያዙት። ያ የሚያነክስ ሽማግሌ ወገቡን ሰበቅ ሲያደርግ ገላው ሁሉ ሌላ ሰው ሆነ።

«ይሄ ስንት ኳስ መቷል?» አሉ።

ሸሪኬ ሳቀ። «ምኩሉ፣ ይሄ የኳስ አይደለም፣ የሌባ ነው።»

ዱላውን መለሱለትና መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። እኔ ሕይወቴን በሙሉ ስጠርግ የኖርኩትን አጠራረግ ነበር የጠረጉት። እሳቸውንም የሚያስጠላቸው ነገር እንዳለ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣሳቸውን ቻልኩት።

ታሪኩን የነገሩኝ አንድ ከሰዓት በኋላ የበሰበሰ ድንች ስለይ ነው። ከጆንያው ሥር የወጣው ውሃ ክርኔ ድረስ ፈሶ፣ አፍንጫዬን በሻርፕ አስሬ፣ እያማረርኩ ነበር። ወንበራቸውን አስጠግተው «ሽታ እንዳንቺ የሚያመው ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው» ብለው ጀመሩ።

በወጣትነታቸው የወርቅ ማዕድን ካምፕ ልብስ አጣቢ ነበሩ። የማዕድን ሠራተኞቹን ጭቃና ላብ የጠጣ ቱታ በትልልቅ ገንዳ ያጥባሉ። ጓደኛቸው ከወዲያኛው ገንዳ ነው። ምኩሉ የታጠበውን ቱታ ጨምቀው፣ እንደ ኳስ ጠቅልለው፣ ከጭንቅላት በላይ በተንጠለጠለው ልብስ መሀል ይወረውሩታል፤ ያኛው ሳያይ ይቀልበዋል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ቱታውን ሊወስድ መጥቶ አያቸው። ቆሞ ቀረ። በማግስቱ ኳስና ጓንት ይዞ መጣ። ያኔ ጥቁር ከነጭ ጋር መጫወት ክልክል ነበርና ከማጠቢያው ጀርባ፣ ልብስ ማስጫው ሥር፣ አስተማራቸው። ምኩሉ ወርዋሪ ሆኑ። ጓደኛቸው ቀላቢ ሆነ፤ በዱላ ከሚመታው ሰው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ያልተመታውን ኳስ የሚቀልበው ማለት ነው።

መሐንዲሱ የሚያውቀው አንድ ባሕር ማዶ ያለ ነጋዴ ነበር። ተጫዋቾች በአውቶቡስ ጭኖ ከከተማ ከተማ እየዞረ ግጥሚያ የሚያሳይ፣ ለተጫዋቾቹም ደሞዝ የሚከፍል ሰው። ሁለቱን አስጠራቸው። ሄዱ። የመጀመሪያውን ደሞዝ ሲቀበሉ ሁለቱም ሳቁ አሉኝ፤ ለመወርወርና ለመቅለብ ሰው ደሞዝ ይከፍላል ብለው አስበው አያውቁም ነበርና።

ነጋዴው ግን ሌላ ነገርም ገዝቶ ነበር። የነብር ቆዳ። ሕዝቡ ከአፍሪካ የመጣ ሰው ሊያይ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ከግጥሚያው በፊት ሁለቱም ቆዳውን ለብሰው፣ እየጮኹና እየዘለሉ ሜዳውን ይዙራሉ አለ። ቆዳው በወጉ የለፋ አልነበረም። ፀሐይ ሲመታው ይገማል፤ ዝንብ ይከተለዋል። ምኩሉ እምቢ አሉ። ነጋዴው እንግዲያው ነገ ወደ አገራችሁ አለ። ያን ጊዜ ቀላቢው «እሱ ወርዋሪ ነው፣ ክንዱን እንዲህ ባለ ነገር ማልፋት የለበትም፤ እኔ ለሁለታችንም እለብሰዋለሁ» አለ።

«በየከተማው ለበሰው» አሉኝ ምኩሉ። «እኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ጥላ ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ። እሱ ይዘላል፣ ሰው ይስቃል፣ ሙዝ ይወረውሩለታል። ከዚያ አውቶቡሱ ጀርባ ሄዶ በባልዲ ውሃ ገላውን እስኪልጥ ይታጠባል። አንዳንዴ ያስታውከዋል። ሽታ እንዳንቺ ያመው ነበር። ታጥቦ ሲያበቃ ዩኒፎርሙን ለብሶ ይመጣና ቁጢጥ ብሎ ‹በል ወርውር› ይለኛል።»

ድንቹን ወዲያ ጣልኩት።  የነጋዴው ከረባት፣ የቆዳው ዝንብ፣ የሰዎቹ የተከፈተ አፍ ሁሉ ፊቴ ላይ መጣ። ቋቅ ሊለኝ ደርሶ ወደ ቧንቧው ሮጥኩ።

የምኩሉ ክንድ ሲበላሽ ሁለቱም ተመለሱ። ከባሕር ማዶ አብሯቸው የመጣው ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው፤ ቀላቢው ቆዳውን ለብሶ፣ ጥርሱን አግጦ። የወርዋሪው ፎቶ የለም። ስለዚህ ምኩሉን ሰው ዋሾ አላቸው፣ ቀላቢውን ደግሞ ማስረጃው ስላለ መሳለቂያ አደረገው። ልጆቹ ትምህርት ቤት በአባታቸው ቆዳ ተሰደቡ። ሴት ልጁ ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ ዕቃ ውስጥ ቀበረችው። አባትየው ለምን እንደለበሰው አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም።

«ለምን አልነገሯቸውም እርስዎስ?» አልኳቸው በቁጣ።

«አስምሎኛል። ‹በሕይወት እያለሁ አትናገር፣ በአንተ ምክንያት መሆኑን ካወቁ ልጆቼ ይጠሉሃል፣ እኔ ደግሞ ከአንተ ሌላ ሰው የለኝም› አለኝ። ‹ስሞት ግን ተነሥተህ ንገራቸው፤ ያኔ ቢጠሉህም ግድ የለኝም› ብሎኛል።»

የዚህ አገር ቀብር ቅዳሜ ጠዋት ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ፕሮግራም ይታተማል፤ ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ጓደኛ እየተባለ ተናጋሪው በተራ ይጠራል። ከአስከሬኑ ፊት ቆሞ የተነገረ ነገር እንደ መሐላ ይታመናል። ምኩሉ የቀራቸው ሥራ ይህ ብቻ ነበር፤ በዚያ ቀላቢ ቀብር ላይ ጓደኛ ተብለው ሲጠሩ መነሣት።

ቀላቢው ከእኛ በታክሲ የማይርቅ ሌላ ሎኬሽን ውስጥ የአልጋ ቁራኛ ሆኖ ነበር። ምኩሉ እግራቸው አብጦ ታክሲ መውጣት አቅቷቸዋል። ስልክ የሚባል ነገር መያዝ አይፈልጉም፤ የጓደኛቸው ልጅ የምትደውለው በሱቃችን ስልክ ነው። እሷ ናት ስማቸው ፕሮግራሙ ላይ እንደሚገባ የነገረቻቸው፤ አባቷ አዟት። ከዚያ ወዲህ ምኩሉ ጠዋት ጠዋት ከጋራዡ ጀርባ እየተንጎራደዱ ንግግራቸውን ያጠናሉ። በሶቶ ቋንቋ ይጀምሩና፣ ይሳሳቱና፣ ራሳቸውን በእንግሊዝኛ ሰድበው እንደገና ከመጀመሪያው ይላሉ። ሲጨርሱ ወደ ፍርግርጉ መጥተው «ስልኩ ጮኸ?» ይሉናል። የቀብር ሸሚዛቸውን እኔ ነኝ የተኮስኩላቸው።

በመሀል ጓደኛዬ ከተማው ውስጥ፣ ቤሪያ በሚባለው ሰፈር፣ ወለደች። ዘመድ የላትምና ላርሳት ሄድኩ። ሊፍቱ ከሞተ የቆየ ሕንፃ ነው፤ ደረጃው ላይ ሽንት፣ የቆሻሻ መጣያው ቱቦ አፍ ድረስ ሞልቶ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በመጋረጃ የተለያየ ስንት ቤተሰብ። ገንፎ እያገነፋሁ፣ ጨርቅ እያጠብኩ፣ ከሰው ሁሉ ጋር እየተጣላሁ ሰነበትኩ። ሸሪኬ ሲደውል «ሁሉ ሰላም ነው፣ አትቸኩዪ» ይለኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ።

ምኩሉ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። «እንኳን ደህና መጣሽ ሲሲ። የጓደኛሽ ሕፃን ደህና ነው?» አሉኝ፤ እዚህ ሴትን «ሲሲ»፣ እህት እንደማለት፣ ነው የሚሏት። ሱቁ ውስጥ ስገባ ሸሪኬ ከኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሽማግሌ ጋር በሹክሹክታ ያወራል። ባንኮኒው ላይ አዲስ ወፍራም ብርድ ልብስ በላስቲኩ እንዳለ ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሸሪኬ በሩን ገፋ አደረገ። «እህቴ፣ ቀስ በይ። የምኩሉ ጓደኛ ዐርፏል። ማክሰኞ ነው ልጁ የደወለችው። ነገ ጎህ ሲቀድ ሰብሰብ ብለን ልናረዳቸው ነው። ብርድ ልብሱን ለዚያ ነው የገዛነው።»

«ቀብሩስ?»

ወደ ሽማግሌው ዞረ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዛሬ ጠዋት ተፈጽሟል፣ ልጄ።»

እየጠየቅሁ ሁሉንም አወጣጣሁት።  ምኩሉ በየቀኑ «ስልኩ ጮኸ?» ሲሉት ሸሪኬ ዓይናቸውን እያየ «ገና ነው ምኩሉ» ሲላቸው ሰንብቷል። ልጅቷ ደግማ ስትደውል ደግሞ «አዎ፣ ሰምተዋል፣ እየጸለዩ ነው፣ ይመጣሉ» ብሏታል።

«ልባቸው ደካማ ነው» አለ ሸሪኬ። «ብቻቸውን ሆነው እንዴት ዱብ ይደረግባቸዋል? እኔ አባቴ ሲሞት እዚሁ ሆኜ ወራት ደብቀውኛል። ሰብስበው፣ አብልተው፣ ግራና ቀኝ ይዘው ነገሩኝ። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ሰው እንዲህ ነው የሚታዘንለት።»

ሽማግሌው ጨመሩበት። «ደግሞ ልጄ፣ በእኛ አፍ ሰምተው ቢወድቁስ? የውጭ ሰዎቹ ገደሏቸው ተብሎ ሱቁ ባንድ አፍታ ይጋያል። ያንንም ማሰብ ነው።»

ይኸውልህ! ከርኅራኄው ሥር ፍርሃቱ ተኝቷል፤ አንድ ድስት ውስጥ አብረው ተቀቅለዋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁትም። ይህን ባህላችንን አውቀዋለሁ፤ እኔም ላይ ተሠርቷል። እናቴ ከተቀበረች በኋላ እቤት እየደወልኩ «ተኝታለች»፣ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ሲሉኝ ከረሙ። ጥቁር ለብሰው ከእኔ ጋር በስልክ ይስቁ ነበር። ለእሷ የላክሁትን ነጠላ ተቀብለው «በጣም ወዳዋለች» አሉኝ። ለእኔ አዝነው ነው፤ አውቃለሁ። ያንን ሳቅ ሳስታውስ ግን እስከ ዛሬ እጄን መታጠብ ያምረኛል።

«እንዲህ ያለ ርኅራኄ ይቅርብን!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ሰውየው አንድ ነገር ነበር የቀራቸው፣ አንድ ነገር! እሱንም በብርድ ልብስ ጠቀለላችሁት!» ሸሪኬ እጄን ሊይዘኝ ሲሞክር መነጨቅሁት። እጁ ሳይቀር አስጠላኝ። ሽማግሌው «እስከ ጠዋት ትበርጃለሽ» ብለውኝ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ወጥቼ ከወንበራቸው ፊት ቁጭ አልኩ። ደጋፊ አልጠራሁም፣ ምግብ አላቀረብኩም። «ምኩሉ፣ ጓደኛዎ ሞቷል። ማክሰኞ ነው ስልኩ የተደወለው፤ የእኛ ሰዎች ለእርስዎ አዝነው ደበቁዎት። ዛሬ ጠዋት ተቀበረ» አልኳቸው።

አልወደቁም። ማኘካቸውን አቆሙ። 

«በእኔ ፈንታ ማን ተናገረ?» አሉ።

«አላውቅም።»

ተነሥተው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመስኮት ጠሩኝና «ልጁን አትቆጪው» አሉኝ። ልጁ የሚሉት ሸሪኬን ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ደግሞ የባሰ መጣ። ሸሪኬ ፈርቶ መንገሬን ለሽማግሌዎቹ አልነገራቸውም፤ ስለዚህ ብርድ ልብሳቸውን፣ የሻይ ቴርሞሳቸውን፣ ፓስተራቸውን ይዘው መጡ። የምኩሉን በር አንኳኩተው ሲገቡ እኔም ተከተልኳቸው። ከመካከላቸው ጠንከር ያሉት ምኩሉ መሬት ላይ ራሳቸውን እንዳይጥሉ ግራና ቀኝ ያዟቸው። አንዱ እያለቀሰ ተናገረ፣ ሌላው ተረጎመ። ለቅሷቸው እውነተኛ ነበር፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ፣ እንባው እውነተኛ ነበር። ምኩሉ ጸጥ ብለው አዳመጡ። ልክ አሁን የሰሙ ይመስል አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ የሸሪኬን ትከሻ እየደባበሱ «አይዞህ፣ አይዞህ» ይሉት ጀመር። ብርድ ልብሱን አለበሷቸው። ሲወጡ ሽማግሌው «እንዴት ያለ ብርቱ ሰው ናቸው! ደግ አደረግን በወጉ መንገራችን» ሲሉ ሰማሁ። ዳቦ የማቀብልበትን እጄን ፍርግርጉ ላይ ጨብጬ ቆምኩ፤ ባልጨብጠው በጥፊ የምመታቸው መስሎኝ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ የቀላቢው ልጅ በመኪና መጣች። ጠና ያለች ሴት ናት፤ ጥቁር ለብሳለች፣ ዓይኗ አብጧል። ምኩሉ ወንበራቸው ላይ ናቸው። እኔ አጠገባቸው ቆሜአለሁ፤ ሸሪኬ ከፍርግርጉ ጀርባ ነው። ጥግ ላይ እንደ ወትሮው ወጣቶች ተቀምጠው ሲጋራ ይቀባበላሉ፤ ጨዋታቸውን ትተው ያዳምጣሉ።

«ባባ፣ ስምዎ ሁለት ጊዜ ተጠራ» አለች። «ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አየ። ማንም አልተነሣም። ፕሮግራም መሪው ጊዜ እንዳይባክን ብሎ የነብር ቆዳውን ፎቶ ነገር አንሥቶ ቀለደ። ሰው ሳቀ። አባቴ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ሕዝቡ ሳቀበት። እኔም ሳቅሁ ባባ፣ ምን ላድርግ? ያ ስልክ የሚያነሣው ሰውዬ ይመጣሉ ብሎኝ ነበር። ለምን ቀሩ?»

ምኩሉ ወደ ሸሪኬ አዩ። ፊቱ አመድ መስሏል። ከዚያ ወደ ወጣቶቹ አዩ። ባለፈው ክረምት ከእኛ ሁለት መንገድ ወዲያ የአንድ የእኛ ሰው ሱቅ ከዚህ ባነሰ ወሬ ተቃጥሏል፤ ሁላችንም እናውቃለን።

አፌን ከፈትኩ። «እሳቸው እኮ አል...»

«ሲሲ» አሉ ምኩሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ለእንግዳችን ቀዝቃዛ ነገር አምጪላት።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ነግሮኛል፣ ልጄ። ሰምቻለሁ። ቀኑን ረሳሁት።»

ሴትየዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ወዲያው፣ ያለ ምንም ማሟሻ፣ ያጠኑትን ንግግር ጀመሩ። ተነሥተው፣ ወንበሩን ተደግፈው፣ ገንዳዎቹን፣ ቱታውን፣ ነጋዴውን፣ ቆዳውን፣ ባልዲውን፣ ሁሉንም ነገሯት። «ለእኔ ብሎ ነው የለበሰው። የምትስቁበት ሰው እኔን ሰው አድርጎ ያቆየኝ ነው» አሏት። አንድ ቃል አልተሳሳቱም። እኔ ለስላሳውን እንደያዝኩ ቆሜ አለቀስኩ።

ሴትየዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ያዘች። በቁጣ ብትይዛቸው ይሻል ነበር። ለትንሽ ልጅ በሚናገሩት ድምፅ «ባባ፣ የትናንቱን ቀብር ረስተው፣ ያን ሁሉ ዘመን የሆነውን እንዴት ያስታውሱታል?» አለች። «እኔ ልቀየምዎ አልመጣሁም። ዕድሜ ነው። ስለ እኔ አባት መልካም ነገር ሊፈጥሩ በመሞከርዎ አመሰግናለሁ።»

ወጣቶቹ ሳቁ። «ነገርኳችሁ፣ ቀጥሎ ጨረቃዋ ናት» አለ አንዱ። ከፍርግርጉ ጀርባ ሸሪኬ በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማሁ፤ «ተመስገን» አለ፣ በአማርኛ፣ ለራሱ። ያን ቃል እንዲህ ቆሽሾ ሰምቼው አላውቅም።

ለስላሳውን አስቀምጬ ሴትየዋን መኪናዋ ድረስ ተከተልኳት። ከወጣቶቹ ስንርቅ መስኮቷን ያዝኩና ተናገርኩ። «አልረሱም። አልተነገራቸውም። እኛ ነን የደበቅናቸው። በአገራችን እንዲህ እናደርጋለን፤ ሰው እንዳይደነግጥ መርዶ እንደብቃለን። ትናንት ከሰዓት ነው የሰሙት፣ ከእኔ። የነገሩሽ ሁሉ እውነት ነው።»

 «ሲሲ» አለች፣ «ለአከራይሽ ማሰብሽ ጥሩ ነው። ግን ሞት የሚደብቅ ሰው የት አለ? ለምን ብሎ?»

«በጣም ስለምንወድ» አልኩ። ለራሴ ጆሮ እንኳ ውሸት ይመስል ነበር።

አንገቷን ነቀነቀች። መስኮቱን ዘጋችና የፍሳሹን ውሃ እየረጨች ሄደች። ቀሚሴ ላይ አረፈ። አልጠረግሁትም።

ስመለስ ምኩሉ ተቀምጠዋል። ብርድ ልብሱ አሁንም ትከሻቸው ላይ ነው፤ ከሙቀቱ የተነሣ ግንባራቸው በላብ ረጥቧል።

«ነገርሻት?» አሉኝ።

«ነገርኳት።»

«አመነችሽ?»

ሸሪኬ ከፍርግርጉ ጀርባ ጭንቅላቱን ነቀነቀልኝ፤ አዎ በያቸው፣ አዎ በያቸው ነው የሚለኝ። ዓይኑ ይለምናል።

«አላመነችኝም» አልኳቸው።

 ምኩሉ ብርድ ልብሱን ከላያቸው አውርደው ሰጡኝ።

«ቢያንስ አንቺ በሰማሽበት ዕለት ነገርሽኝ» አሉ።